ራጁ አልሄድ ያለ ቀን

ኮምፒውተር ከማይወዱ ሰዎች አንዷ ነበርኩ። ወንድሜ ናቲ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ፊደል ሲደረድር አጠገቡ ተቀምጬ ጥፍሬን እየቀባሁ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው ሚስት የሚያመጣልህ እያልኩ የምተርበው ልጅ። ዛሬ ይህን ታሪክ በራሴ አማርኛ፣ ማንም ሳያርምልኝ ስጽፈው ደስታዬ ልክ የለውም። ታሪኩ ግን የደስታ አይደለም። ስለዚህ እኔ ፈገግ ብዬ ብጀምርም እናንተ ፈገግ ብላችሁ አትከተሉኝ።

ጊዜው ሁለት ሺህ ስምንት፣ ታኅሣሥ ነው። እኛ የአዲስ አበባ ኪራይ አላስቀምጥ ብሎን ሰበታ የገባን ቤተሰቦች ነን። የተከራየነው ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ነው፤ ኦቦ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው። ኦቦ ቶሎሳ ገበሬ ናቸው፤ ከግቢያቸው ጀርባ የጤፍ ማሳ አላቸው። ማሳው አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ካርታ ላይ ምን ሆኖ እንደተሳለ የሚነግራቸው ሰው አጥተው፣ ያን ሰሞን የሚውሉት ድንበሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጃቸው ገመቹ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኦሮምኛ ያስተማረኝ እሱ፣ ስሳሳት ለሰፈሩ የሚያወራብኝም እሱ። አንድ ጊዜ ላማቸውን "እህቴ እንዴት አደርሽ" ብላታለች ብሎ ስሜን አጥፍቶ፣ ለወር ያህል ሕፃናቱ ባዩኝ ቁጥር እምቧ ይሉብኝ ነበር።

እናቴ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ትንሽ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ክሊኒኩ ራጅ ማንሻ አለው፤ ራጁን የሚያነብ ሐኪም ግን የለውም። ዶክተሩ የሚኖሩት ቡራዩ ስለሆነ ፎቶው በኮምፒውተር ይላክላቸዋል፣ እሳቸው አይተው በስልክ ይናገራሉ። የመላኪያውን ፕሮግራም የሠራው ናቲ ነው። ኮምፒውተሩ፣ ሠራተኛው ፌስቡክ ላይ ተጥዶ እንዳይውል ተብሎ ኢንተርኔት መክፈቻው ሁሉ ተነቅሎለት፣ ከራጅ በቀር ዓለም የማያውቅ መናኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት እሑድ ናቲ መጥቶ ፓይተን የሚባለውን ነገር በአዲስ ቀየረው። ፓይተን እንግዲህ ፕሮግራሙ የቆመበት መሠረት ነው፤ አሮጌው ሌባ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው ብሎ ነው የቀየረው። ጨርሶ ልሞክረው ሲል መብራት ሄደ። ምን ይሆናል ብሎ ወደሚሠራበት ወደ ሱሉልታ ተመለሰ። በማግስቱ ማስተር ፕላኑን የሚቃወመው ሰልፍ ደርሶ መንገዱ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ያየ ያውቃቸዋል። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ባጃጆቹ ጠፉ። ሱቆቹ በራቸውን በግማሽ ከፍተው፣ ባለሱቁ ሳሙና እየሸጠ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። ከተፍኪ በኩል ጥቁር የጎማ ጭስ ይታያል፣ ነፋሱ ሲዞር ሽታው ቤት ይገባል። የሞባይል ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል፣ የቀረው በገመድ የሚመጣው ነው፤ ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ ይተኛል። እማዬ ብቻዬን ቤት ልትተወኝ ስላልደፈረች ክሊኒክ ይዛኝ መዋል ጀመረች።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ተኩስ ተሰማ። ተኩስ መሆኑን ያወቅነው ውሾቹ ዝም ስላሉ ነው። እማዬ መስኮቱን ዘጋች። ብዙም ሳይቆይ የጋሪ ድምፅ መጣና በጓሮው በር ቆመ። ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ጋሪው ላይ ጭድ ተጭኗል፤ ጭዱ ሥር ገመቹ ተኝቷል።

ክሊኒኩን ያን ቀን የያዘችው ነርሷ ሲስተር ጫልቱ ነበረች። ሸሚዙን ቀድዳ ስታየው ከጎኑ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከጣት ጥፍር አትበልጥም። ደሙም ብዙ አልነበረም። እኔ ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ተደስቼ ነበር፤ ትንፋሹን እስክሰማ ድረስ። አየር እየሳበ አይጠግብም። ኦቦ ቶሎሳ ከብት ሊመልስ ሄዶ ነው አሉ። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቃቸውም።

ሲስተር ራጅ አነሳችው። ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ፤ የጎድን አጥንቶቹ እንደ ጣውላ ተደርድረው፣ መሐል ላይ አንዲት ነጭ ነገር አለች። ለዶክተሩ ደወለች። ትንፋሹን፣ ቀለሙን፣ ሁሉን ነገረቻቸው። የመለሱላት ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አየሩ ደረቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ሳንባውን ጨፍልቆት ከሆነ አሁኑኑ በመርፌ መልቀቅ አለባት፤ የተጠራቀመው ደም ከሆነ ግን በዚያው መርፌ ትጎዳዋለች። "ሳላየው ውጊ አልልሽም። ላኪልኝ" አሉ።

መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ራጅ የሚነሣ ሰው አልመጣም ነበር፤ እማዬ "ላክ" የሚለውን ተጫነች። ቀይ መስመር መጣ። ደግማ ተጫነች። ቀይ።

"ቆረጡት በቃ" አለች ሲስተር። ሁላችንም ያመንነው ያንን ነው። ያን ጊዜ ሰበታ ውስጥ የማይሠራ ነገር ሁሉ የተቆረጠ ነገር ነበር።

እማዬ ናቲ ጋ ደወለች፤ እግዜር ይስጠው ስልኩ ገባ። እሱ በስልኩ ገብቶ እንዳያየው ሱሉልታም የሞባይል ኢንተርኔት የለም። እማዬ የእንግሊዝኛውን መዓት አይታ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። እንግዲህ ጥፍር ቀቢዋ ልጅ እንዲህ ሆና ነው የተቀመጠችው፤ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል ይዤ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የገመቹን ትንፋሽ እየሰማሁ።

ናቲ መጀመሪያ ጥቁሩን መስኮት አስከፈተኝ። አንድ ትእዛዝ ፊደል በፊደል አስጻፈኝ፤ ከቡራዩ መልስ ይመጣ እንደሆነ ማያ ነው። መልስ መጣ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ።

"እንግዲያው መስመሩ አልተቆረጠም" አለ። ድምፁ ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም። "ቀዩን አንብቢልኝ። ምንም እንዳትዘይ።"

አነበብኩለት። ብዙ ቁጥርና ሰረዝ ነው፤ መጨረሻው ግን ሰርተፊኬቱን ማረጋገጥ አልተቻለም የሚል ነበር።

"ሜሪ፣ ስሚኝ። ሁለት ኮምፒውተሮች ወሬ ከመጀመራቸው በፊት ሰላምታ አላቸው። ይጨባበጣሉ በይው። የኛው ማነህ ይላል፣ የዶክተሩ መታወቂያውን፣ ሰርተፊኬቱን ማለት ነው፣ ያሳያል። የኛው ካመነው፣ ከዚያ በኋላ የሚያወሩት ለሌላ ጆሮ አይሰማም።"

"አሁንስ?"

"አሁን የኛው መታወቂያውን አይቶ አላምንም ብሏል።"

"በፊት ያምን አልነበር እንዴ?"

"በፊትማ አያይም። አሮጌው ፓይተን የሠርግ ቤት ዘበኛ ነው፤ የመጣውን ሁሉ ግቡ ግቡ ይላል። አዲሱ ነው መታወቂያ መጠየቅ የጀመረው።"

"ለምን እንዳላመነውስ አይናገርም?"

"አይናገርም። እሱ ነው የሚያቃጥለው።"

አንድ በአንድ መፈተሽ ጀመርን። መታወቂያው የሚመሳከርበት የታመኑ ማኅተሞች ዝርዝር የሚባል ፋይል አለ፤ እሱ ጠፍቶ እንደሆነ አስፈለገኝ፤ በቦታው አለ። የዶክተሩ ስም በትክክል ተጽፎ እንደሆነ አስነበበኝ፤ ትክክል ነው። በዚህ መሐል ሲስተር ከመጋረጃው ብቅ እያለች አይታኝ ትመለሳለች።

ናቲ፣ እማዬ በሲስተር ስልክ ዶክተሩን እንድትጠይቅ አደረገ፤ ከሌላ ክሊኒክ ራጅ ይደርሳቸዋል? ይደርሳቸዋል አሉ፤ ከሱሉልታም ከለገጣፎም ዛሬ ጠዋት መጥቶላቸዋል።

ይህን ነገርኩት።

"እሺ፣ ምን ማለት ነው?"

"እኛን ብቻ ከሆነ፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "መሐል ላይ ሰው ቆሞ ይሆናል።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

"የዶክተሩ ነኝ ብሎ እጁን የሚዘረጋ። መታወቂያው የማይታመነው የሱ ስላልሆነ ሊሆን ይችላል።"

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል። እማዬ ሳታስበው ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ወደ ገመዱ አየች፤ ገመዱ ውስጥ የተደበቀ ሰው ያለ ይመስል። አትሳቁብን። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ የሚወራው ማን እንደተጠቆመ፣ ማን ከሆስፒታል አልጋ ላይ እንደተወሰደ ነበር። ያ ፎቶ ውስጥ ያለችው ነጭ ነገር ደግሞ ጥይት መሆኗ ለማንም ግልጽ ነው።

ከዚያ ናቲ ያለውን አለ። አንዲት መስመር ብጽፍ ማጣራቱን ትቶ ዝም ብሎ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ዘበኛውን ዓይንህን ጨፍን ማለት ነው። ፎቶው ይሄዳል። ማን እጅ እንደሚገባ ግን ዋስትና የለም።

ሲስተር ወደ ኦቦ ቶሎሳ ዞረች። በኦሮምኛ ሁሉንም አስረዳቻቸው፤ ይሄን ያህል ገብቶኛል። ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ልጃቸው ከመጋረጃው ወዲያ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይተነፍሳል።

"ስሙን ሳይነግረኝ እጁን ለዘረጋ ሰው፣" አሉ በመጨረሻ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ "ላሜን እንኳ አልሸጥለትም። ኢልመ ኮን፣ ልጄን፣ እንዴት እሰጠዋለሁ?" ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። "ግን ካልተነፈሰ ማንን ነው የምደብቀው? ኢንተላ ኮ፣ ወንድምሽ ትንሽ ይሞክር። ሲስተር በቃ ስትል ትልኪዋለሽ።"

እንግዲህ ልጄ ብለው ነው የጠሩኝ።

የፊት ለፊቱ በር ተንኳኳ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አንድ የሲቪል ጃኬት የለበሰ ሰው፣ ከኋላው ሞተሩ ያልጠፋ ፒክአፕ። ዛሬ የተጎዳ ሰው መጥቶ እንደሆነ ጠየቃት። እማዬ የሕይወቷን ምርጥ ውሸት ዋሸች፤ ሐኪም የለንም፣ ያለችው አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ናት፣ ከፈለጉ ገብተው ይርዱን አለችው። የገመቹ ትንፋሽ እስከ በሩ ይሰማ ነበርና፣ ሰውየው ሰምቶ ፊቱን አኮማተረና ሄደ። ፒክአፑ ግን ሩቅ አልሄደም። ድምፁ ከጥግ ወዲያ ሲቆም ሰማነው።

"ናቲ ቶሎ በል" አልኩት በሹክሹክታ።

"የመታወቂያውን ቀን እንይ" አለ። ሌላ ትእዛዝ አስጻፈኝ። የወጣበትና የሚያበቃበት ቀን መጣ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2015 ክረምት እስከ 2017። "እንግዲያው አላለፈበትም" አለና ተነፈሰ። ምርጫ ያለቀበት ሰው ትንፋሽ ነበር።

ሲስተር መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ከንፈሩ እየጠቆረ ነው አለች። "በቃ። ላኪው።"

ዘበኛውን የምታስጨፍነውን መስመር ለመጻፍ የራጁን ፎቶ ወደ ጎን ሳደርገው ዓይኔ ጥጉ ላይ አረፈ። ማሽኑ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቀን ያትማል። ቀኑ የዛሬ ነው፤ በቁጥር አራተኛው ወር፣ ማለትም ታኅሣሥ፣ 2008። ትክክል ነው። ፎቶው ከወጣ ጀምሮ ሁላችንም አይተነዋል፣ ለሁላችንም ትክክል ነበር። እኔ ግን አሁን ያነበብኩት 2015 ከአፌ አልወረደም።

"ናቲ፣" አልኩ፣ "ይሄ ኮምፒውተር ግን ያለው 2008 ላይ ነው።"

"እና? እኛም ያለነው 2008 ላይ ነው" አለ በንዴት። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ "ሜሪ፣ ማነው ኮምፒውተሩን የኛ አቆጣጠር ላይ ያደረገው?" አለ።

ሲስተር ጫልቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሷ ናት። ሽማግሌዎቹ ራጃቸው ላይ 2015 የሚል ሲያዩ ይቆጧት ነበር፤ እንዲያውም ዋናው ተቆጪ ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። ለሳላቸው ራጅ የተነሡ ጊዜ "እዚህ ዓመት ላይ እኔ ገና አልደረስኩም፣ የሰው ራጅ ነው የሰጠሽኝ" ብለው መልሰውላታል። እሷም ሰው እንዳይከፋ ብላ ኮምፒውተሩን ወደ ኢትዮጵያ መለሰችው። ማንም ቅር አላለውም። አሮጌው ዘበኛም መታወቂያ ስለማያይ ምንም አላለም። አዲሱ ግን ታማኝ ነው፤ ራሱን 2008 ላይ አድርጎ፣ ሰባት ዓመት ቆይቶ የሚወጣ መታወቂያ ሲያሳዩት ምን ይበል? መሐል ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። መሐል ላይ የቆመው የኛው ሰዓት ነው።

ቀኑን ቀየርኩ። እጄ ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው። "ላክ" አልኩት።

አረንጓዴ።

ዶክተሩ ወዲያው ደወሉ። አየር ነው አሉ፤ ሳንባውን ጥግ አስይዞታል። ለሲስተር ቦታውን ሲነግሯት ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዝኩላት እኔ ነኝ። መርፌዋ ስትገባ ከቀዳዳዋ ፊሽ የሚል ድምፅ ወጣ፣ የብስክሌት ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት። ገመቹ ዓይኑን ገለጠ። አየር ሳበ፣ ጠገበ፣ ደገመው። ኦቦ ቶሎሳ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ወንበሩ አጠገባቸው እያለ። እኔ የማስታውሰው እያለቀስኩ መሳቄን ነው።

ኦቦ ቶሎሳ ፒክአፑ ከጥግ እስኪነሣ ጠብቀው፣ እንደገና በጋሪና በጭድ፣ በማሳዎቹ መሐል በተፍኪ በኩል ዞረው የሚቀበለው ሆስፒታል ገመቹን አደረሱት።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ በወደድኩ። ግን ቆይተው መጡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ ያ ባለ ጃኬቱ ሰውዬና አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት። ባለ ጃኬቱ፣ ምጥ የያዛት ሴት ምን ወለደች ብሎ እማዬን ጠየቃት። ወንድ አለችው። ወጣቱ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠና የዚህን ሳምንት ራጆች ለመፈለግ ያሉትን ሁሉ በቀን ደረደራቸው። እኔ ካርድ መደርደሪያው ጋ ቆሜያለሁ። ቀኑን ካስተካከልኩ በኋላ የተነሡት ወጡ፤ የአንዲት አሮጊት ጉልበት፣ የአንድ ሕፃን ክንድ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ፣ አራተኛ ወር ለኮምፒውተሩ ኤፕሪል ስለሆነ፣ በፈረንጅኛ ኤፕሪል 2008 እያለ ይወርዳል። ከላይ የመጀመሪያው የገመቹ ደረት ነው።

ቀስቷ እሱ ላይ ቆመች።

"እነዚህስ?" አለ ወጣቱ።

"የድሮ ናቸው" አለች እማዬ።

ልጁ ኮምፒውተር አዋቂ ነው፤ ኤፕሪል 2008ን ያነበበው እንደ ኮምፒውተር ነው። ሰባት ዓመት ያለፈው ፎቶ ምን ያደርግለታል? ከኋላው የቆመው ሰውዬ ግን እንደ እኔና እንደ እናንተ ነው የሚቆጥረው። ፎቶው ቢከፈት ጥጉ ላይ ያለውን ቀን አንብቦ፣ ይሄማ የዚያን ዕለት ነው ባለ ነበር። ቀስቷ እዚያው ላይ ናት። መተንፈስ አቆምኩ፤ በዚያች ሰዓት ገመቹ ምን ተሰምቶት እንደነበር አወቅኩ።

"ለምን አታጠፏቸውም?" አለ ወጣቱ እየተነሣ። "ቦታ ነው የሚይዙባችሁ።"

እናጠፋቸዋለን አለች እማዬ። እስኪወጡ ጠብቃ የገመቹን አጠፋችው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር የማይወዱ ሰዎች ማኅበርን ለቅቄያለሁ። ናቲ እያስተማረኝ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራዬም የራጁ ፕሮግራም ከፈረንጁ ቀን ሥር የኛን ቀን እንዲያትም ማድረግ ነበር። ሽማግሌዎቹም ሰላም፣ ዘበኛውም ሰላም። ግን የለወጠኝ እሱ አይመስለኝም። ያን ቀን ሁላችንም የምንፈራውን ነገር ገመዱ ውስጥ ስንፈልግ ዋልን። ስህተቱ ለአዛውንት ከማሰብ የመጣ፣ ማንም ያልታዘበው ደግነት ነበር። የምንፈራው ደግሞ ውጭ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር። ሁለቱም እውነት ነበሩ። አሁን ቀይ መስመር ባየሁ ቁጥር ሁለቱንም አስባለሁ፤ እናንተም አንዱን ስታስቡ ሌላውን አትርሱት።

ገመቹ ዘንድሮ በጥምቀት ሰሞን ተደብቆ መጥቶ ነበር። ከስቷል፣ ሲስቅ ጎኑን ይይዛል። ታሪኩን ከእማዬ ሰምቶ፣ ያ ፎቶ የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። ጠፍቷል አልኩት።

"ቀኑ ስንት ይል ነበር?"

"በኮምፒውተሩ? ኤፕሪል 2008።"

በጣቱ ቆጠረ። "ስለዚህ በመንግሥት ማስረጃ መሠረት እኔ የተመታሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው" አለና ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ኦቦ ቶሎሳ አልሳቁም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ የሚያዩት ይመስል ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ፒክአፕ ይኖር እንደሆነ ሊያዩ ወደ በሩ ወጡ።